«ሞት» የሚለውን ቃል መቁጠር አይበቃም፦ የአንድ ትንሽ ፕሮግራም የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1

ሥራው ይህ ነው። አንድ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን በቴሌግራም የጭንቀት መልእክት ይቀበላል። ማታ ሁለት ሰው ብቻ ነው ተረኛ የሚሆነው። መልእክቶቹ በገቡበት ተራ ይነበባሉ። በአንድ ሌሊት አርባ መልእክት ከገባና በጣም የከበደው ሠላሳ አምስተኛ ላይ ከተቀመጠ፣ እሱ ጋ የምንደርሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ እንዲህ ያለ መልእክት ዘግይቶ ተነቧል። ልጁ ደህና ነው፤ ዛሬም አልፎ አልፎ ይጽፍልናል። ግን ያን ሌሊት ተረኛው እኔ ነበርኩ። ይህን ሥራ የጀመርኩት በዚያ ምክንያት ነው።

የምሠራው ፕሮግራም ማንንም አይመረምርም፣ ለማንም አይመልስም። የገባውን መልእክት አይቶ፣ ጸሐፊው ራሱን የማጥፋት አደጋ ላይ ያለ ከመሰለው «ይህን ቀድማችሁ አንብቡ» ይላል፤ በቃ። የሚያነበውም የሚመልሰውም ሰው ነው።

(ይህን ማስታወሻ የከፈታችሁት ለራሳችሁ ከብዷችሁ ከሆነ ኮዱን ተዉት። ለምታምኑት አንድ ሰው ዛሬውኑ ንገሩ፣ ወይም በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ተቋም ሂዱ። ያቺ ሰዓት ታልፋለች።)

ያለኝ ዕቃ፦ 8 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ፣ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ የጎግል ኮላብ (በኢንተርኔት የጎግልን ኮምፒውተር መጠቀሚያ) ነፃው አካውንት። አማካሪዬ ከሃያ ዓመት በላይ በአእምሮ ጤና ነርስነት የሠሩ ሴት ናቸው። ቡድኑ ውስጥ ሁላችንም «ሲስተር» ነው የምንላቸው፤ እዚህም እንደዚያው እጠራቸዋለሁ።

ከመጀመሬ በፊት ሌሎች የሠሩትን አነበብኩ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤድዊን ሽናይድማን በ1949 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሎስ አንጀለስ ካውንቲ የአስከሬን መርማሪ ቢሮ ውስጥ ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች የተዉትን በመቶዎች የሚቆጠር ደብዳቤ አገኘ። በኋላ ከባልደረባው ኖርማን ፋርበሮው ጋር ሆኖ 33 እውነተኛ ደብዳቤ ወሰደና ሌሎች ሰዎች አስመስለው ከጻፉት 33 ደብዳቤ ጋር አነጻጸረ። በ2010 የሲንሲናቲ ሕፃናት ሆስፒታሉ ጆን ፔስቲያንና ባልደረቦቹ እነዚያኑ 66 ደብዳቤዎች ለኮምፒውተርም ለባለሙያም ሰጡ። የአእምሮ ጤና ባለሙያዎቹ እውነተኛውን ከተመሰለው የለዩት 63 በመቶ ነው፤ ኮምፒውተሩ 78 በመቶ። ልቤን ያነሳሳው ይህ ቁጥር ነው። በኋላ እንደገባኝ ግን ያ ጥናት የመለሰው የኔን ጥያቄ አልነበረም። እውነተኛን ከአስመሳይ መለየት አንድ ነገር ነው። ገና በሕይወት ያለ ሰው ከጻፈው መልእክት አደጋን ማየት ደግሞ ሌላ።

ሳምንት 2

በቀላሉ ጀመርኩ። ስልሳ ቃል የያዘ ዝርዝር፦ ሞት፣ መሞት፣ መቃብር፣ ራስን ማጥፋት፣ እነዚህንና የእነዚህን እርባታ። መልእክቱ ውስጥ አንዱ ካለ ወደ ላይ ይወጣል።

መሞከሪያ ያደረግኩት ሁለት ነገር ነው። አንዱ አፍሪሴንቲ የተባለው ለምርምር የተለቀቀ የአፍሪካ ቋንቋዎች የትዊተር ስብስብ፣ የአማርኛው ክፍል። ሁለተኛው የዘመድ አዝማድ የቴሌግራም ግሩፓችን። አስፈቅጄ ነው፤ ሁሉም እሺ ብለዋል።

ግሩፑ ላይ ፕሮግራሙ 112 ጊዜ ጮኸ። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አነበብኳቸው።

«እኔ ልሙት ቡና ሳትጠጪ አትሄጂም።» አክስቴ ናት።
«በሳቅ ሞትኩ።»
«ርቦኝ ልሞት ነው፣ የት ደረሳችሁ?»
«አፈር ስሆን ትንሽ ቅመሺ።»
«እናቴ ትሙት አላየሁትም።»

ከ112ቱ አንድም የአደጋ ምልክት አልነበረም። አማርኛ ሞትን ለመሐላ፣ ለልመና፣ ለፍቅር፣ ለሳቅና ለረሃብ ይጠቀምበታል። ሰው ለልጁ «ልሙትልህ» ሲል ስለ ሞት እያሰበ አይደለም፣ እየሳመው ነው። እንግሊዝኛ ላይ የተሠራ የቃላት ዝርዝር ተርጉሞ አማርኛ ላይ መጫን የማይሠራው አንዱ እዚህ ጋ ነው።

ሲስተር ጋ ሄጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሬን እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከዚያ እስክሪብቶ ተቀብለውኝ ከታች አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ደክሞኛል።
ለማንም አልጠቅምም።
እኔ ባልኖር ቤተሰቤ ያርፍ ነበር።
ስላስቸገርኳችሁ ይቅር በሉኝ።
አደራ፣ ልጄን።

«እስቲ እነዚህን አስገባቸው» አሉኝ። አስገባሁ። ዜሮ። አንዱንም አላያቸውም።

«በግልጽ ሞትን የሚጠራ አለ፣ እሱ ሁልጊዜ በቁም ነገር ይያዝ» አሉ። «ብዙው ግን ሞትን አይጠራም ልጄ። ሸክም ሆንኩባችሁ ነው የሚለው።» ይህን የሚሉት ከሥራቸው ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ቶማስ ጆይነርም በ2005 ባወጣው ንድፈ ሐሳብ ሁለት ስሜቶችን መሃል ላይ አስቀምጧል፦ ለሌሎች ሸክም መሆንና የትም አለመፈለግ። የሲስተር አምስት ዓረፍተ ነገሮች ሦስቱ እዚያው ላይ ነው የሚያርፉት።

ዝርዝሩን ጣልኩት ማለት ይቻላል። ከስልሳው ቃል ዘጠኝ ቀረ። እነሱም በግልጽ ራስን ስለ ማጥፋት የሚናገሩት ናቸው።

ሳምንት 3

ይህ ሳምንት ሙሉ በ«እኔ» ላይ አለቀ።

በ2001 ስተርማንና ፔነቤከር የተባሉ ተመራማሪዎች ራሳቸውን ያጠፉ 9 ገጣሚዎችን ካላጠፉ 9 ገጣሚዎች ጋር አነጻጽረው ነበር። ወደ 300 ግጥም ነው ያዩት። ራሳቸውን ያጠፉት «እኔ» የሚለውን አብዝተው፣ «እኛ» የሚለውን አሳንሰው ይጠቀማሉ የሚል ውጤት አገኙ። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ የሚሠራ ሁሉ «እኔ»ን ይቆጥራል። እንግሊዝኛ ውስጥ ቀላል ነው፤ ቃሉ ለብቻው ቆሟል።

እኔም ቆጠርኩ። የሲስተር አምስት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ «እኔ» አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። ግን አምስቱም ስለ ራስ ናቸው! አማርኛ «እኔ»ን ግስ ውስጥ ይደብቀዋል። «አልጠቅምም» ውስጥ አለ፣ «አስቸገርኳችሁ» ውስጥ አለ። እንዲያውም አማርኛ ተናጋሪ «እኔ» ብሎ ለብቻው ካወጣው ብዙ ጊዜ ሊያነጻጽር ወይም ሊሟገት ነው፦ «እኔ አልሄድም፣ አንተ ሂድ»።

ከዚህ የባሰም አለ። ስሜታችንን ስንናገር የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እንኳ አይደለንም። ጨነቀኝ። ከበደኝ። መረረኝ። ሰለቸኝ። ጠበበኝ። ሆድ ባሰኝ። ስሜቱ ነው ሠሪው፣ እኔ ተሠሪው ነኝ። «ኝ» ብቻ ናት እኔን የምትይዘው።

ታዲያ በ«ኝ» የሚያልቅ ቃል ሁሉ ልቁጠር አልኩ። ስህተት ነበር። «ላክልኝ»፣ «ደውልልኝ»፣ «ስጠኝ» ሁሉ ገቡ። ገንዘብ የሚጠይቅ ዘመድ በሙሉ አደጋ ላይ ያለ መሰለ። «ቀኝ» እና «ሞኝ»ም ገቡ።

ሆርንሞርፎ የተባለውን ፕሮግራም ጫንኩ። ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማይክል ጋሰር የሠራው ነው። የአማርኛን ግስ ከፍቶ ሥሩን፣ ባለቤቱንና ተሳቢውን ያወጣል። ለኔ የሚበጀው ይህ ነበር፤ «ጨነቀኝ» ሲገባ ሥሩ ጭንቀት፣ ተሳቢው እኔ መሆኑን ይነግረኛል። ከሲስተር ጋር ሆነን እንዲህ ያሉ የስሜት ግሶችን ሰበሰብን፤ 47 ሆኑ። «ኝ» የምትቆጠረው ከእነሱ ጋር ስትመጣ ብቻ እንዲሆን አደረግኩ። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። በኔ ላፕቶፕ ረጅም መልእክት ላይ ይንቀራፈፋል። የታየ ቃል ድጋሚ እንዳይፈታ ውጤቱን ፋይል ላይ አስቀመጥኩና ተሻለው።

ሌላ የሞከርኩት፦ የፍጹምነት ቃላት። አል-ሞሰይዊና ጆንስተን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2018 እንደ «ሁልጊዜ»፣ «ፈጽሞ»፣ «ምንም» ያሉ ቃላት ራስን ስለ ማጥፋት በሚያስቡ ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ በጣም እንደሚበዙ አሳይተዋል፤ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ። አማርኛው ላይ «ምንም» ገና ከመግባቱ ነገር አበላሸ። «ምንም አይደል» ይቅርታ ለጠየቀ የሚሰጥ መልስ ነው። አወጣሁት። «ማንም» ግን ጠቀመ፤ «ማንም አይፈልገኝም» እና የመሳሰሉትን ይይዛል።

ሳምንት 4

ሁለት አቋራጭ ሞክሬ ሁለቱም አልሠሩም።

አንደኛ፣ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ የእንግሊዝኛ መሣሪያ መጠቀም። «ሆድ ባሰኝ» የሆድ ሕመም ሆኖ ወጣ። «አንጀቴ ተቃጠለ»ም እንደዚያው። አማርኛ ሐዘኑን ሆድና አንጀት ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ ተርጓሚው የጨጓራ በሽተኛ አደረጋቸው። ደግሞም ዓረፍተ ነገሮቹን ወደ ውጭ ሰርቨር መላኬ ነበር። የላክኩት እኛው የጻፍነውን ብቻ ነው። ቢሆንም የሰው መልእክት ከላፕቶፑ አይወጣም የሚለውን ሕግ ያን ዕለት ጻፍኩና ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

ሁለተኛ፣ መልቲሊንጓል በርት፣ ጎግል በብዙ ቋንቋዎች ጽሑፍ ያሠለጠነው የቋንቋ ሞዴል። አንድ ቀን ሙሉ አሠለጠንኩት፤ ለሁሉም ዓረፍተ ነገር አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣል። «ደህና ዋላችሁ»ም «ለማንም አልጠቅምም»ም 0.5 (ወደ 1 የቀረበ ከባድ፣ ወደ 0 የቀረበ ቀላል ማለት ነው)። ኮዴን ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየሁ። ማታ ላይ ቶክናይዘሩ (ጽሑፉን ቶክን ወደሚባል ቁርጥራጭ ከፋፍሎ ለሞዴሉ የሚያቀርበው ክፍል) የሚያወጣውን ማተም ትዝ አለኝ። ሁሉም ቃል «የማይታወቅ» ነው የሚለው። ሞዴሉ ከሠለጠነባቸው 104 ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ የለም፤ ፊደሉን ጭራሽ አያውቀውም። ለእሱ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ባዶ ሳጥን ናቸው። ለአማርኛ የምትሠሩ ሁሉ መጀመሪያ ቶክኑን አትሙ። አንድ መስመር ኮድ ነው።

ወደ ሌላ የብዙ ቋንቋ ሞዴል፣ ወደ ኤክስኤልኤም-ሮበርታ ዞርኩ። አማርኛ አለው። ከዚያ በእሱ ላይ ለአፍሪካ ቋንቋዎች ተጨማሪ ሥልጠና ወደተሰጠው አፍሮ-ኤክስኤልኤምአር። ነፃው ኮላብ መሃል ላይ እየተቋረጠ አስቸገረኝ፤ በወር 10 ዶላር የሚከፈልበትን ወሰድኩ። የከፈለችው አሜሪካ ያለች እህቴ በራሷ ካርድ ነው።

ሳምንት 5 እና 6

አዲሱ ሞዴል ከባዱን ዓረፍተ ነገር ከቀላሉ በትክክል የለየው 97 በመቶ!

ደስታዬ ሁለት ቀን ቆየ። ሲስተርና ሦስት በጎ ፈቃደኞች 300 የከበዱ ዓረፍተ ነገሮች ጽፈውልኝ ነበር። የቡድኑን እውነተኛ መልእክቶች ልጠቀም ስል ሲስተር ከለከሉኝ። «ሰው ጭንቀቱን የነገረን ለኮምፒውተር ማስተማሪያ ብሎ አይደለም። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የራሱ ፈቃድ ሳይኖር አትነካውም።» ልክ ናቸው። ስለዚህ ከባዱ ወገን አራት ሰው የጻፈው 300 ዓረፍተ ነገር ነው፣ ቀላሉ ወገን ደግሞ ከትዊተሩ ስብስብ የወሰድኩት 300።

97 በመቶ ሲመጣ መጠርጠር ነበረብኝ። ሦስተኛው ቀን «ለማንም አልጠቅምም» ብዬ በእጄ ጻፍኩ፤ 0.31 አለኝ። እንዴት? ይህ እኮ ማሠልጠኛው ውስጥ አለ። ደግሜ ጻፍኩት፣ አሁን በመጨረሻው ላይ አራት ነጥብ አድርጌ። «ለማንም አልጠቅምም።» 0.96።

አራት ነጥብ ነው የተማረው። ሲስተርና ልጆቹ በጥንቃቄ ስለጻፉ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በ«።» ዘግተዋል። ትዊተር ላይ ማን አራት ነጥብ ያደርጋል? ሞዴሉ ሐዘንን አላየም፣ ሥርዓተ ነጥብ አየ። «ደህና ዋላችሁ።» ብዬ ሞከርኩ፤ 0.88። በዚህ ተማምነን ሥራ ላይ ብናውለው ኖሮ ጨዋ የጻፈውን አስቀድመን፣ በጭንቀት ተቻኩሎ የጻፈውን ወደ ኋላ እንጥለው ነበር። ይህን ሳስብ ሆዴ ተላወሰ።

የሽናይድማን አስመሳይ ደብዳቤዎች ነገር አሁን ገባኝ። ሁለቱ ወገን የተለያየ ሰው የጻፈው ከሆነ፣ ማሽኑ የጸሐፊውን ልዩነት እንጂ የሕመሙን ልዩነት ላይማር ይችላል።

ያስተካከልኩት፦ ሥርዓተ ነጥብ በሙሉ ይወጣል። ሀ፣ ሐና ኀ አንድ ይሆናሉ፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚያው። (ይህን መጀመሪያ ማሠልጠኛው ላይ ብቻ አድርጌ መሞከሪያው ላይ ረሳሁት። «ሐዘን» ያለው ሁሉ ጠፋ። ግማሽ ቀን በላ።) ከሁሉ በላይ ግን እነዚያው አራት ሰዎች ተራ መልእክትም እንዲጽፉ ጠየቅኩ፤ ስለ ፈተና፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ተጣሉት ጓደኛ። የሚያናድድ ቀን ያለው ግን አደጋ የሌለው ሰው መልእክት። ይህ ነው ከባዱ መለየት። ሌሎች ስድስት ሰዎችም ጨመርን። ለእያንዳንዳቸው 1,500 ብር ከኪሴ ሰጠሁ።

አዲሱ ውጤት 74 በመቶ። ይህኛውን አምነዋለሁ።

ሳምንት 7

ሌብል ማድረግ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ደረጃ መስጠት። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሬዲት በተባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ ለወጡ ጽሑፎች እንዳደረጉት በአራት ደረጃ ከፈልነው፦ የለም፣ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከባድ። ሁለት በጎ ፈቃደኞች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ደረጃ ሰጡ። የስምምነታቸው መለኪያ፣ ካፓ የሚባለው (1 ሙሉ ስምምነት ነው)፣ 0.41 ወጣ። ዝቅተኛ ነው። ሰዎቹ ካልተስማሙ ማሽኑ ምን ሊማር ነው?

ሲስተር ቡና አፍልተው አስቀመጡን። ባልተስማሙበት ላይ ብቻ ተነጋገርን። ረጅሙን ሰዓት የወሰደው ይህ ነው፦

«አደራ፣ እናቴን እያያችሁልኝ።»

አንደኛዋ «ከባድ» ብላለች። ሁለተኛው «የለም»። እሱ እንዲህ አለ፦ «እህቴ ቤሩት ስትሄድ ኤርፖርት ላይ ያለችው ቃል በቃል ይህንን ነው። ሥራ ፍለጋ የሚሄድ ሁሉ ይላታል።» እሷ ደግሞ «እኔ ጋ የጻፈችው ልጅ የትም አልሄደችም ነበር» አለች። ቤቱ ዝም አለ።

ሁለቱም ልክ ናቸው። አደራ የሚሰጠው የሚርቅ ሰው ነው። የት ነው የሚሄደው የሚለው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም፣ ከዚያ በፊት በተጻፉት መልእክቶች ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ሌብል አይደረግም። ለመሞከሪያ የምንጽፈውም አምስት አምስት መልእክት ያለው ተከታታይ ሆነ። ሞዴሉም አምስቱን አብሮ ያያል። ከዚህ ለውጥ በኋላ ካፓው 0.66 ደረሰ።

ሲስተር ስንወጣ ለወጣቶቹ ያሉትን እዚህ ላስቀምጠው። «ካልገባችሁ ጠይቁት። ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው ወይ ብላችሁ በቀጥታ። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም።» በ2014 የወጣ የጥናቶች ግምገማም ይህንኑ ነው ያገኘው፤ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያባብስ።

ሳምንት 8

ቀላል ሒሳብ ሠራሁ፣ ወረቀት ላይ። 1,000 መልእክት አለ እንበል፣ ከባዱ 10 ብቻ። ሞዴሌ በጣም ጎበዝ ሆኖ ከአሥሩ 9ኙን ያዘ፣ ከቀሩት 990 ደግሞ አሥር በመቶው ላይ ብቻ ተሳሳተ እንበል። 99 ያለ ምክንያት ይጮኻል። በድምሩ 108 ማንቂያ፣ ከእነሱ እውነተኛው 9። ከአሥራ ሁለት አንዱ ማለት ነው። የኔ ደግሞ ይህን ያህል ጎበዝ አይደለም።

ፌስቡክ በ2017 የሰዎችን ጽሑፍ እያየ የአደጋ ማንቂያ የሚሰጥ ሥርዓት ሲጀምር የአውሮፓ ኅብረት አገሮችን ትቶ ነበር፤ በግላዊ መረጃ ሕጋቸው ምክንያት። ማንቂያው ፖሊስ ወደ ቤት የሚልክ ከሆነ ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ ምን ይሆናሉ? እኛ ጋ ግን ማንቂያ የለም። የሚቀየረው የንባብ ተራ ብቻ ነው። አሥራ አንዱ የሚደርስባቸው ነገር ቢኖር መልስ ቀድመው ማግኘት ነው። «አደጋ» የሚለውን ቀይ ጽሑፍ ከስክሪኑ ላይ አጠፋሁት።

ሳምንት 9

መብራት ሦስት ቀን ጠፋ። ምንም አልተሠራም።

ሳምንት 10 እና 11

ድምፅ አልባ ሙከራ። ቦቱ (ቴሌግራም ላይ መልእክቱን የሚቀበለው አውቶማቲክ ፕሮግራም) በመጀመሪያው መልእክት ላይ «መልእክትዎን ፕሮግራም በተራ ሊያስቀምጠው ይችላል፣ የሚያነበው ሰው ነው፤ ካልፈለጉ አይ ይበሉ» ይላል። አይ ያለ አይነካም። እሺ ያሉትን ፕሮግራሙ በድብቅ ይደረድራል፣ ተረኞቹ አያዩትም። ጠዋት ጠዋት የእሱን ተራና የተረኞቹን ደረጃ እናስተያያለን። መልእክቱ ለማሠልጠኛ አይቀመጥም።

አሥራ ሁለት ሌሊት። ተረኞቹ «ከባድ» ያሏቸው ሰባት ነበሩ። ፕሮግራሙ አምስቱን ከላይኞቹ አሥር ውስጥ አስገብቷል። አንደኛው ያመለጠው በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነበር። ይህን ጉድለት አውቀው ነበር፣ እያዘገየሁ እንጂ።

ሁለተኛውን ግን ሰው ነው ያየው። መልእክቱ ይህን ያህል ነው፦ «እሺ። ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ። አሁን ሰላም ነኝ።»

ፕሮግራሙ ከአርባ አንድ መልእክት አርባኛ አድርጎ አስቀመጠው። ምን ያድርግ፣ ምስጋና ነው፣ ሰላም ነው። ተረኛዋ ግን ይህን ሰው ለሁለት ሳምንት ታውቀዋለች። በየሌሊቱ ሲያለቅስ ነበር። በአንድ ቀን እንዲህ መረጋጋቱ አስፈራት። ወዲያው ደወለች፣ በቀጥታ ጠየቀችው። አልዋሻትም። ወንድሙን አስነሱት፣ አብሮት አደረ፤ ጠዋት ሲስተር ሐኪም ጋ ይዘውት ሄዱ።

ያን ጠዋት ኮዱን ከፈትኩ። እስከ ዛሬ የሚደረድረው ከላይ ወደ ታች ነበር፤ አንዱን ሲያወጣ ሌላውን ይጥላል። ሥራ ላይ ብናውለው ኖሮ ያ መልእክት አርባኛ ላይ ይቀር ነበር። አሁን ሁለት ዝርዝር አደረግኩት። ዋናው በገባበት ሰዓት ተራ እንደ ድሮው ይቀጥላል፣ ፕሮግራሙ አይነካውም፤ አንደኛው ተረኛ ከእሱ አይነሳም። ሁለተኛው ተረኛ ፕሮግራሙ ካወጣቸው ይጀምራል። በዚህ አሠራር ፕሮግራሙ ማንንም ወደ ታች አያወርድም። አንድን ሰው በተከታታይ ያናገረ ተረኛ ካለ ደግሞ የዚያ ሰው መልእክት በቀጥታ ለእሱ ይሄዳል፣ ምንም ነጥብ ቢያገኝ።

ለውጡ አሥራ አራት መስመር ኮድ ነው። ለሲስተር ሳሳያቸው «መጀመሪያውኑ እንዲህ አይሆንም ነበር?» አሉኝ። ይሆን ነበር።

እስካሁን የወጣው፦ ኮላብ ሁለት ወር 20 ዶላር፣ ለጸሐፊዎቹ 9,000 ብር፣ ኢንተርኔት ወደ 2,400 ብር።

ለሚቀጥለው ሳምንት፦ የላቲኑ ፊደል። ሁሉም ሰው በራሱ መንገድ ነው የሚጽፈው፤ «ጨነቀኝ»ን ብቻ አሥራ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ቆጥሬያለሁ። ከእሱ እጀምራለሁ።